ዶልፊን የታተመበት የቱና ቆርቆሮ፦ ዓሣው፣ ምልክቱና ከጀርባው ያለው ሕግ

በጅማ ከሂርማታ መርካቶ ሱቆች ጀምሮ እስከ ፈረንጅ አራዳ አነስተኛ ሱፐርማርኬቶች ድረስ ከመደርደሪያ የማይጠፋ ዕቃ ቢኖር የታሸገ ቱና ነው። ተማሪው ለሳንድዊች፣ መንገደኛው ለስንቅ፣ በጾም ዓሣ የሚበላውም ለስልስ ይገዛዋል። እዚህ የምገመግመው በታይላንድ የታሸገ፣ በአትክልት ዘይት የተዘጋጀና በጎኑ ላይ ከውኃ የምትዘል ዶልፊን የታተመችበት አንድ የቱና ቆርቆሮ ነው። የንግድ ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ተመሳሳይ ዓሣ ተመሳሳይ ሥዕል ይዞ በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጥ የምለው ነገር ለአንዱ ብቻ የሚሆን አይደለም። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ዓሣው ለዋጋው የሚበቃ ምግብ ነው፤ ሥዕሏ ግን በዚህ ቆርቆሮ ላይ የምትመሰክረው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለእርሷ ተብሎ አንድ ብር እንኳ መጨመር አይገባም። ለምን እንዲህ እንዳልሁ ለማስረዳት ከማዕድ ቤት ወጥቼ ስለ አንድ የባሕር ሕግ በሰፊው መናገር ይኖርብኛል።

አስቀድሞ ስለ ምግቡ። ቆርቆሮው በጣት የሚሳብ ቀለበት ስላለው መክፈቻ አይፈልግም፤ ክዳኑ በመጨረሻ ላይ ድንገት ሲለቅ ግን ዘይቱን ስለሚረጭ ሳህን ላይ አስቀምጦ በዝግታ መሳብ ይበጃል። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ክብደት 170 ግራም ሲሆን፣ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው 120 ግራም መሆኑ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ስለዚህ ገዢው ከከፈለበት ክብደት ሲሶ የሚጠጋውን ለዘይት እየከፈለ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሲከፈት ከላይ የሚታየው ሥጋ ወፈር ያለ ቁራጭ ነው፤ ቀለሙም ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ወደ ሮዝ ያደላል። በሹካ ገለጥ ሲደረግ ግን ከታች ያለው በአብዛኛው የተፈረፈረ ነው፤ ይህን ለሳንድዊች የሚፈልግ አይከፋበትም፣ በሙሉ ቁራጭ ሰላጣ ላይ ማሳረፍ የፈለገ ግን ቅር ይለዋል። ጨው አልበዛበትም፤ ሽታውም ዓሣ ያልለመደ ሰው የሚሸሸው ዓይነት አይደለም። ዘይቱን አጠንፍፎ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የሎሚ ጭማቂ ጨምሮ ማሸት ከሁሉ የተሻለው አበላል ነው። ስልስ ለሚሠራበት ደግሞ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በሚገባ ከበሰሉ በኋላ በመጨረሻ መጨመር አለበት፤ ቀድሞ ከገባ ይደርቃል፣ ጣዕሙም ይጠፋል።

ወደ ሥዕሏ ስመጣ፣ ይህን ግምገማ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በመርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ንግግር ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ቆርቆሮውን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ካዩት በኋላ ባለሱቁን ወጣት፣ «ልጄ፣ ውስጥ ያለችው ይህች ሥዕሏ ያለችው ናት?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፣ «ኧረ አይደለም ሐጂ፣ ቱና ነው፤ እሷ እንዲሁ ማርክ ናት፣ አይጨነቁ» አላቸው። ሐጂ ግን አልረኩም፤ «ውስጥ ከሌለች ላዩ ላይ ምን ትሠራለች?» ብለው ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሱት። ባለሱቁ መልስ አልነበረውም፤ በዚያ ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሌሎቻችንም አልመለስንላቸውም። አንድ ዕቃ ስለ ራሱ የሚናገረውን ገዢው በተቃራኒው ከተረዳው ጥፋቱ የገዢው ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ሥዕሏ ለማለት የተፈለገው ዶልፊን በውስጡ አለ ሳይሆን፣ ይህ ቱና ሲጠመድ ዶልፊን አልተጎዳም ነው።

ዶልፊን በመልክ ዓሣ ትምሰል እንጂ በሳንባ የምትተነፍስ፣ ልጇን ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት። በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ለእርሷና ለዓሣ ነባሪ ከሁሉ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጉማሬ ነው፤ ከቦዬ ረግረግ ጉማሬ ብቅ ሲል ቆሞ ያየ የጅማ ሰው ስለ ዶልፊን አፈጣጠር ከሚያስበው በላይ ያውቃል ማለት ይቻላል። ለመተንፈስ ወደ ውኃው ገጽ መውጣት ግድ የሚላት መሆኑ ነው እንግዲህ ከዓሣ አጥማጆች መረብ ጋር ያጋጫት። በምሥራቃዊው ሞቃታማ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ዳርቻ ወዲያ ባለው ባሕር፣ የሎውፊን የሚባለው ቢጫ ክንፍ ያለው ትልቅ ቱና በዶልፊኖች መንጋ ሥር ሥር መዋኘት ይወዳል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አጥማጆቹ ይህን ደረሱበት፤ ቱናው ከታች ባይታይም ዶልፊኖቹ ለመተንፈስ ሲዘሉ ከሩቅ ይታያሉና። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈጣን ጀልባዎች፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ጭምር እየታገዙ ዶልፊኖቹን አባርረው አንድ ቦታ ካከማቹ በኋላ ረጅም መረብ በዙሪያቸው ይዘረጋሉ፤ ከሥሩ ያለውንም ገመድ ስበው መረቡን እንደ ከረጢት አፍ ያስሩታል። ቱናው ይያዛል፤ ዶልፊኖቹም በመረቡ እየተጠላለፉ አየር አጥተው ይሞታሉ። በዚህ መንገድ ያለቁት ዶልፊኖች ከ6 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል።

ይህን ለመግታት ከወጡት ሕጎች ዋነኛው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ኦክቶበር 21 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. የፈረሙት የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። ሕጉ ዓሣ ነባሪንና ዶልፊንን ብቻ ሳይሆን የባሕር አንበሳን፣ ማናቲን፣ የዋልታ ድብን ሳይቀር በአንድነት ይጠብቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ የክልከላው ስፋት ነው፤ ማደንን፣ መያዝንና መግደልን መከልከል የተለመደ ሲሆን ይህ ሕግ ግን እንስሳቱን ማዋከብንም፣ ከእነዚህ አንዱን ለማድረግ መሞከርንም በክልከላው ውስጥ አካቷል። አስፈጻሚዎቹም ሁለት መሥሪያ ቤቶች ናቸው፦ ዓሣ ነባሪ፣ ዶልፊንና የባሕር አንበሳ በንግድ ሚኒስቴሩ ሥር ላለው የባሕር ዓሣ ሀብት አገልግሎት ሲሰጡ፣ የዋልታ ድብና ማናቲ ደግሞ በሌላ ሚኒስቴር ሥር ላለው የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ተሰጥተዋል።

ይሁን እንጂ ሕግ ሲወጣ በሩን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለንግድ ዓሣ አጥማጆች የሁለት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጣቸው፤ ከዚያም በኋላ ሳይፈለግ አብሮ የሚጠመደው እንስሳ ቁጥር ወደ ዜሮ እንዲጠጋ ግብ ተቀምጦ በፈቃድ ማጥመዱ ቀጠለ። የአሜሪካ መርከቦች ዘዴያቸውን እያሻሻሉ ሄዱ፤ ዶልፊኖቹ ከተከበቡ በኋላ መርከቡ ወደ ኋላ ሲሳብ የመረቡ ጫፍ ወደ ውኃው ሰጥሞ እንዲያመልጡ ማድረግና በዚያ በኩል አፍንጫቸው የማይያዝበት ደቃቅ ቀዳዳ ያለው መረብ መስፋት ከእነዚህ ዘዴዎች ዋናዎቹ ናቸው። ነገር ግን መርከቦች ሰንደቅ ዓላማቸውን እየቀየሩ ወደ ሌሎች አገሮች ስለተዛወሩ፣ ሕጉ ከወጣ ከ14 ዓመታት በኋላ በ1986 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ ከ130,000 በላይ ዶልፊኖች ሞቱ። በ1987 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ላቡድ የተባለ የሥነ ሕይወት ባለሙያ በአንድ የፓናማ ቱና አጥማጅ መርከብ ላይ በሠራተኛነት ተቀጥሮ የዶልፊኖቹን አሟሟት በድብቅ ቀረጸ። ምስሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ሸማቾች የታሸገ ቱና አንገዛም ማለት ጀመሩ፤ በሚያዝያ 1990 እ.ኤ.አ. ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ ቱና አሻጊዎች ዶልፊን ተከብቦ የተጠመደ ቱና እንደማይገዙ አስታወቁ። በዚያው ዓመት የዶልፊን ጥበቃ የሸማቾች መረጃ ሕግ ወጣ። በቆርቆሯችን ላይ የምትዘለው ዶልፊን እናት ይህ ሕግ ነው።

የ1990ው ሕግ ለእኔ ከ1972ቱ ይልቅ የረቀቀ መስሎ ይታየኛል፤ ምክንያቱም ቱናውን ከመሸጥ አይከለክልም፣ የሚከለክለው ያላደረጉትን አድርገናል ብሎ መጻፍን ነው። በአሜሪካ ገበያ ላይ ያንን ምልክት ለመለጠፍ በጉዞው ሁሉ መረቡ ሆን ተብሎ በዶልፊኖች ዙሪያ ያልተዘረጋ መሆኑና ዓሣው በተያዘበት ጊዜም ዶልፊን ያልሞተ ወይም ክፉኛ ያልቆሰለ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በምሥራቃዊው ፓስፊክ ለሚያጠምዱ ትልልቅ መርከቦች ማረጋገጫውን የሚሰጠው ካፒቴኑ ብቻ ሳይሆን መርከቡ ላይ አብሮ የሚጓዝ ታዛቢ ነው፤ በሌሎች ባሕሮች ግን በአብዛኛው የሚቀርበው የካፒቴኑ የጽሑፍ ቃል ነው። በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያስተማምን አንባቢ ይፍረድ።

ሜክሲኮ ይህን የአሜሪካ የምልክት ደንብ በመቃወም ለሠላሳ ዓመት ያህል ተከራክራለች። ክርክሯም ባዶ አልነበረም፦ በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው የአካባቢው አገሮች ስምምነት መሠረት መርከቦቿ ዶልፊንን ቢከቡም በታዛቢ ፊት በሕይወት ይለቃሉ፤ የሟቾቹም ቁጥር ከመቶ ሺዎች ወርዶ በዓመት ከ1,000 በታች ደርሷል። ይህ እውነት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ መሳደዱ ራሱ ጉዳት ነው፣ በሩጫው ግልገሎች ከእናቶቻቸው ይለያያሉ፣ የዶልፊኖቹ ቁጥርም በተጠበቀው ፍጥነት አላገገመም ይላሉ። የአሜሪካ መንግሥት በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መነሻነት የምልክቱን ትርጉም ለማላላት ሞክሮ በፍርድ ቤት ተሸነፈ። ሜክሲኮም ጉዳዩን በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ወስዳ መጀመሪያ ብታሸንፍም፣ አሜሪካ ደንቧን ካሻሻለች በኋላ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በይግባኝ ተረታች። አንዲት ትንሽ ሥዕል ይህን ያህል ዳኛ ያደከመችው ከጀርባዋ ሕግ ስለቆመ ነው። ሕጉ በሌለበት አገር ግን ሥዕሏ ብቻዋን ትቀራለች።

የእኛም ቆርቆሮ ጉዳይ ይኸው ነው። የአሜሪካ የምልክት ሕግ በጅማ መደርደሪያ ላይ አይሠራም። ቆርቆሮው ላይ ያለው ሥዕል ከጎኑ በእንግሊዝኛ ለዶልፊን አደጋ የለውም ከሚል ጽሑፍ በቀር ማን እንዳረጋገጠው፣ መርከቡ ታዛቢ ይኑረው አይኑረው፣ ዓሣው ከየትኛው ባሕር እንደተያዘ አንዳች አይናገርም። የታይላንድ ምርት መባሉም ስለ ባሕሩ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ ታይላንድ በዓለም ከፍተኛውን የታሸገ ቱና የምትልክ አገር ብትሆንም አብዛኛው ዓሣ በረዶ ሆኖ ከምዕራባዊው ፓስፊክና ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ፋብሪካዎቿ የሚጓጓዝ ነው። ከይዘት ዝርዝሩ ላይ የሚገኘው የዓሣው ዓይነት ግን ቁም ነገር አለው፦ ስኪፕጃክ ይላል። ስኪፕጃክ አነስ ያለ ቱና ሲሆን እንደ የሎውፊን ከዶልፊን መንጋ ጋር የመጓዝ ልማድ የለውም። ስለዚህ ሥዕሏ ውሸት ናት አልልም፤ ቀድሞውኑ ብዙም ያልነበረን አደጋ አስወግጃለሁ የምትል ናት እንጂ።

ሥዕሏ ዝም የምትልበት ጉዳይ ደግሞ ወደ እኛ የቀረበው ነው። ከጅማ ቢነሱ ከሁሉ የሚቀርበው የቱና ባሕር የሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ በዚያ ዶልፊን የሚሞተው በዋናነት ተከብቦ ሳይሆን በተንሳፋፊ መረብ ተይዞ ነው። ይህ መረብ በውኃው ውስጥ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሌሊቱን ሲንሳፈፍ ያድርና ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከ1950 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ ውቅያኖስ የቱና መረቦች 4.1 ሚሊዮን ያህል ዶልፊኖችና መሰሎቻቸው እንደተያዙ ገምቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከ2.5 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ተንሳፋፊ መረብ ከ1992 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከአገሮች ክልል ውጭ ባለው ባሕር እንዳይዘረጋ ወስኗል፤ የሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽንም ክልከላውን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገሮቹ የራስ ባሕር አስፍቶታል። ኮሚሽኑ ከዚያ በፊት በ2013 እ.ኤ.አ. መረብን ሆን ብሎ በዶልፊንና በዓሣ ነባሪ ዙሪያ መዘርጋትን ከልክሎ ነበር። ደንቦቹ መልካም ናቸው፤ የሚያስፈጽማቸው ታዛቢ በትንንሽ ጀልባዎች ላይ እምብዛም አለመኖሩ ነው ችግሩ። ሌላም አለ፤ ዶልፊንን ትተው በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ዕቃ ዙሪያ የሚያጠምዱ መርከቦች ሻርክን፣ የባሕር ኤሊንና ያልደረሰ ቱናን በብዛት አብረው ያወጣሉ። ዶልፊን የታተመበት ቆርቆሮ ስለ እነዚህ የሰጠው ቃል የለም፤ ገዢው ግን ሥዕሏን አይቶ ባሕሩ ሁሉ ሰላም የሆነ ይመስለዋል።

ስለዚህ ከሥዕሏ ይልቅ ምን ይነበብ? ሁለት ነገር፤ የዓሣው ዓይነትና የተያዘበት ባሕር ቁጥር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባሕሮችን በቁጥር ከፋፍሏቸዋል፦ 51 እና 57 የሕንድ ውቅያኖስ፣ 71 ምዕራባዊው ማዕከላዊ ፓስፊክ፣ 77 እና 87 ደግሞ ዶልፊን የሚከበብበትን አካባቢ የያዙት የምሥራቅ ፓስፊክ ክፍሎች ናቸው። በከተማችን አንዳንድ ሱቆች ይህ ቁጥርና የተያዘበት መረብ ዓይነት ጭምር የታተመባቸው፣ ዋጋቸውም ጥቂት ከፍ የሚል ቆርቆሮዎች አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ዶልፊኗ ጨርሶ የለችም። እኔ ከዶልፊኗ ይልቅ ቁጥሩን እመርጣለሁ፤ ቁጥር ሊመረመር ይችላልና። የሎውፊን የሚል ጽሑፍና 77 የሚል ቁጥር አንድ ላይ የያዘ ቆርቆሮ ያጋጠመው ሰው ካለ ግን ማረጋገጫ መጠየቅ ያለበት ያን ጊዜ ነው።

በአገራችንም ለዚህ ጥያቄ መሠረት የሚሆን ሕግ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አስመጪው የራሱን ስምና አድራሻ የያዘ ወረቀት ቆርቆሮው ላይ ይለጥፋል፤ በዚያው ወረቀት ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ይህ የቱና ዓሣ ነው፤ የዶልፊን ሥጋ የለበትም» የሚል አንድ መስመርና የባሕሩን ቁጥር ቢጨምርበት ወጪው ከቀለም አያልፍም። የሐጂ ጥያቄ በዚያች አንድ መስመር ይመለስ ነበር፤ ሃላሉን ለይቶ መብላት ለሚፈልግም ሆነ በጾሙ ወቅት ሥጋና ዓሣን ለይቶ ለሚጠነቀቅ ሰው ደግሞ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ዋጋውን በተመለከተ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ቁጥር አልጽፍም፤ መርካቶ ውስጥ በካርቶን የሚያከፋፍሉት ጋ ከሠፈር ሱቅ እንደሚረክስ ግን ያየሁት ነው። ትኩስ ዓሣ ለሚወድ የግልገል ጊቤ ግድብ ቆሮሶ በጣዕም ይበልጠዋል፤ በመኪና መጥቶ ውሎ አድሮ ካልተሸጠ በቀር ማለቴ ነው። ቱናውን የሚገዛ ሰው ጠርዙ የተጎዳ ወይም ክዳኑ ያበጠ ቆርቆሮ አይውሰድ፤ ከታች በቀለም የታተመው የማብቂያ ቀን በእጅ ሲታሽ ስለሚለቅ ግልጽ ሆኖ የሚነበበውን ይምረጥ። ከተከፈተ በኋላ የተረፈውን በቆርቆሮው ውስጥ አያሳድሩት፤ ክዳን ባለው ዕቃ ገልብጦ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥና በማግስቱ መጨረስ ይገባል፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ በዚያው ቀን መበላት አለበት።